ሥልጠናው አለቀ፣ በረራው ቀረበ፦ ከድሬ ወጥቶ የበጎ ፈቃድ ሥራ እንዴት ይጀመራል?

ሰርተፊኬቱ ተሰጥቷል። የቡድን ፎቶው ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። ከዚራ ሰፈር የሚያገኛችሁ ሰው ሁሉ «እስካሁን አልሄዳችሁም እንዴ?» ማለት ጀምሯል። ይህ ጽሑፍ ሥልጠና ጨርሳችሁ ሥራ ላልጀመራችሁት ነው። በአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ፕሮግራም ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለ12 ወር ይመደባሉ። ሌሎች በተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች በኩል ይሄዳሉ። በየትም በኩል ሂዱ፣ ዝግጅቱ ብዙ አይለያይም።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ

የምደባ ደብዳቤውን ከመፈረማችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የሚሰጣችሁ ደመወዝ ሳይሆን የመኖሪያ አበል ነው። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? የጤና መድኑ ከየትኛው ቀን ይጀምራል? የመመለሻ ቲኬቱስ? ያልገባችሁን በኢሜይል ጠይቁ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሙሐመድ የሚባል የድሬ ልጅ ይህን ጣጣ በደንብ ያውቀዋል። ዲግሪው ላይ በ«ኦ» ተጽፏል፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ዩ»። አንዱ ወረቀት ላይ መሀል ያለው «ኤም» ሁለት ነው፣ ሌላው ላይ አንድ። ሰፈር ውስጥ ያስቃል፤ ኤርፖርት ላይ ግን አያስቅም። ቲኬቱም ቪዛውም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይከተሉ። የትውልድ ቀን ስትሞሉም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ።

ለምታምኑት ሰው ውክልና ሰጥታችሁ ሂዱ። የባንክ ጉዳይ ይኖራል፣ ገና ያልወጣ ዲግሪ ይኖራል። ውጭ ሆኖ ውክልና መላክ በኤምባሲ በኩል ስለሚያልፍ ያንከራትታል። ውክልናው ግን ለየትኛው ጉዳይ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ዘመድ ነው ብሎ ሁሉን መስጠት ለዘመዱም አይበጅም።

ቀጥሎ ጤና

የቢጫ ወባ ክትባት ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቢጫ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።

«የድሬ ልጅ ወባ ምን ያደርገዋል!» የሚል ጀግና አይጠፋም። እውነት ነው፣ ድሬ ብዙ አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባሉት የትንኝ በሽታዎች ስንቱን አልጋ ላይ አውለዋል። ግን ያንን ማለፍ ለሌላ አገር ወባ መከላከያ አይሆንም። ሐኪሙ የወባ መከላከያ ክኒን ካዘዘ በሰዓቱ ዋጡ፣ አጎበሩም ሥር ተኙ።

ሻንጣ

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና ያው የታወቀ ነው። ምግብ ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ የሆነበት አገር ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጫት ግን አንዲት ቅጠል እንኳ እንዳትይዙ፤ የደረቀም ቢሆን። እዚህ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጥ ነገር ታንዛንያ ውስጥ ወንጀል ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች።

ከዚህ የሚከብደው የጎረቤት አደራ ነው። በመሄጃችሁ ዋዜማ ማታ እማማ በፌስታል ጠቅልለው፣ በክር አሥረው ይመጣሉ። «የኔ ልጅ፣ ይቺን ብቻ ለልጄ አድርስልኝ።» እምቢ ማለት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። እዚያው ፊታቸው ፈትታችሁ እዩት፤ «እማማ፣ ኤርፖርት ላይ ይጠይቁኛል» ብትሏቸው ይገባቸዋል። የታሸገ ነገር ከሆነና አይከፈትም ከተባላችሁ አትቀበሉ። ቢቀየሟችሁም ትታረቃላችሁ።

ስትደርሱ

ሲም ካርድ አውጡ፣ ለቤተሰብ ደውሉ፣ ኤምባሲያችን ካለ ተመዝገቡ። ሰዓታችሁን አስተካክሉ ማለት ቀላል ይመስላል፤ ከስልኩ ይልቅ ጭንቅላት ነው የሚያስቸግረው። ስብሰባ በ8 ሰዓት ሲባል ከምሳ በኋላ አይደለም፤ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ሥልጠና ላይ የነደፋችሁትን ፕሮጀክት ለጊዜው ከቦርሳ አታውጡ። ብዙ አዲስ በጎ ፈቃደኛ የሚሰናከለው በስንፍና ሳይሆን በችኮላ ነው። በደረሰ በሳምንቱ «ይህ መለወጥ አለበት» ይላል። ቢሮው ውስጥ ለዓመታት የሠራችው ሴት ፈገግ ብላ ትሰማዋለች፤ ከዚያ በኋላ ምንም አትነግረውም።

ስለዚህ ከእናንተ በፊት ተመድቦ የነበረ ሰው ካለ ምን ጀምሮ ምን እንደተወ ጠይቁ። የድሮ ሪፖርቶችን አንብቡ። ከኃላፊያችሁ ጋር በሳምንት አንድ ቋሚ ሰዓት ያዙ፤ ካልያዛችሁ ሥራ ሲበዛ የሚረሳው እናንተን ነው። የመጀመሪያው ወር ሥራ አጥቶ ወንበር ማሞቅ የተለመደ ነው። አትደንግጡ፣ ጥበቃውንና ሾፌሩን አዋሩ። ከማንም በፊት ቦታውን የሚያስረዷችሁ እነሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር (የአሜሪካ የበጎ ፈቃድ ድርጅት) መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረው ነበር። እናንተ አዲስ ቋንቋ ለመልመድ ከእነሱ የተሻለ መነሻ አላችሁ። ቀፊራ ገበያ በኦሮምኛ ሰላም ብሎ፣ በሶማልኛ ዋጋ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ተሳስቆ የሚወጣ ሰው ስዋሂሊ አያስፈራውም። ሰዋስው እስኪስተካከል አትጠብቁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ እየተሳሳታችሁ ተናገሩ።

ቀልዱን ግን ረገብ አድርጉት። ድሬ ላይ በተዋወቁ በአምስት ደቂቃ «አቦ ተወኝ!» ተባብሎ መፎጋገር ፍቅር ነው። ሌላ ቦታ ስድብ ሊሆን ይችላል። «እኛ አገር እኮ...» የሚለውንም ቀንሱ፤ ሁለተኛው ላይ ሰው ይሰለቻል።

ገንዘብ አታበድሩ። ከውጭ የመጣ ሁሉ ሀብታም ይመስላል፤ አንዴ ከጀመራችሁ ማቆሚያ የለውም። ለቤተሰብም አበላችሁ ስንት እንደሆነና ምን እንደሚሸፍን ቀድማችሁ ንገሩ፤ «ውጭ ሄዷል» የሚለው ወሬ የገንዘብ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

ናፍቆቱ አዲስነቱ ሲያልቅ ይመጣል። እናታችሁ በቪዲዮ አይታ «ከሳህ!» ማለቷ አይቀርም፤ ብትወፍሩም ትላለች። የመደወያ ቀን ቁረጡ እንጂ በየምሽቱ ስልክ ላይ አትደሩ፤ የሰፈሩን ሰው የምትተዋወቁት በዚያው ምሽት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኛ በወር 2.5 ቀን ዕረፍት ያገኛል። እየቆራረሳችሁ አትጨርሱት፣ ለበዓል አጠራቅሙት።

የመጀመሪያው ሪፖርት ሲደርስ ያላደረጋችሁትን አታስመስሉ። ማንን አገኛችሁ፣ ምን ሰማችሁ፣ ምን ጎደለ፤ በሁለት ገጽ ይበቃል። ቅጂውን ወደ ግል ኢሜይላችሁ ከመላካችሁ በፊት ግን ኃላፊያችሁን አስፈቅዱ፤ የተረጂ ሰዎች ስም ያለበት ሰነድ ከቢሮ አይወጣም።