ራውተሩን ተዉት፦ ስክሪን ያለ ገመድ ወደ ቲቪ ስትልኩ የሚሠሩ ስህተቶች

ኮምፒውተሩ ቲቪውን አላገኝ ሲል ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ራውተሩ ነው። ነቅሎ ይሰካዋል፤ አልሆነም። የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፤ አሁንም አልሆነም። በዚህ መሀል የቤቱ ስልክ ሁሉ ከኢንተርኔት ይወጣና ችግሩ ሁለት ይሆናል። ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ጭራሽ ጉዳዩ ውስጥ የለበትም።

ስክሪን ወደ ቲቪ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሚራካስት ዊንዶውስ ከ8.1 ጀምሮ ይዞት የመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩንና ቲቪውን በዋይፋይ በቀጥታ ያገናኛቸዋል፤ ራውተርም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ጉግል ካስት ግን ከክሮም ብሮውዘር የሚላክ ነው፤ ሁለቱም አንድ ኔትወርክ ላይ መሆን አለባቸው። ኤርፕሌይ የአፕል ነው። ማክ የያዛችሁ ሚራካስት ፍለጋ አትድከሙ፣ የለም። ቲቪያችሁ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚቀበል ሳታውቁ ሴቲንግ አትነካኩ። በሚራካስት እየላኩ ራውተር ማስነሳት ከንቱ ልፋት ነው። ካስት ስትጠቀሙ ደግሞ ራውተሩ እውነትም ይመለከታችኋል።

ያኔ የሚሠራው ስህተት ኮምፒውተሩን ዋናው ዋይፋይ ላይ፣ ቲቪውን የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ማድረግ ነው። ሁለቱም ላይ ዩቲዩብ ይከፈታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ «ኔትወርኩ ደህና ነው» ብሎ ይምላል። የእንግዳ ዋይፋይ ግን በአብዛኛው መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይከለክላል። ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር አፕ) ከከፈታችሁም ዝጉትና ሞክሩ። የአንዱ ራውተር 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ (ሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች) በሁለት ስም መታየታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ለሁለቱም ያው አንድ ኔትወርክ ነው።

ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ወደዚህ ኮምፒውተር ማሳየት» የሚል ቦታ አለ። ጀማሪ ሁሉ እዚያ ገብቶ ይጠፋል፤ አልፈርድበትም፣ ስሙ ያሳስታል። እሱ ኮምፒውተሩን ራሱን ተቀባይ የሚያደርግ ነው። እናንተ የምትፈልጉት መላክ ነው፦ የዊንዶውስ ቁልፍንና የK ፊደልን አብራችሁ ተጫኑ፣ የተገኙት መሣሪያዎች ዝርዝር ይመጣል። መሣሪያው ሚራካስትን አይደግፍም የሚል ጽሑፍ ከወጣ መጀመሪያ ዋይፋዩ መብራቱን እዩ። በገመድ ብቻ ኢንተርኔት የሚያገኝ፣ ዋይፋይ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ይህ ጽሑፍ ቢወጣ አይግረማችሁ።

ኮምፒውተሩን ብቻ መጠርጠርም አለ። አንድ ሰው ላፕቶፑ እምቢ ብሎት ዊንዶውስን ከነፋይሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። ጥፋቱ ቲቪው ላይ ነበር። አንድ ቀን ቲቪው «ይህ መሣሪያ ይገናኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በሪሞት «ከልክል» ብሎታል። ብዙ ቲቪዎች ይህን መልስ አይረሱም። ሴቲንግ ውስጥ የመሣሪያዎች ዝርዝር አላቸው፤ የተከለከለውን ከዚያ ሰርዙት። ሌላም አለ፦ በሪሞት ያጠፋችሁት ቲቪ ተኝቶ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ሶኬቱን ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ይቺ ቀላል ነገር ስንቱን ችግር ፈትታለች።

ምስሉ መጥቶ ድምፁ ላፕቶፑ ላይ ከቀረ የድምፅ መውጫውን ወደ ቲቪው ቀይሩ። ፊልሙ ጥቁር ሆኖ ድምፁ ብቻ ከተሰማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቅጂ መከላከያው ነው፤ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ከክፍሎቹ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም) መቀያየር አያድነውም። የፊልሙን አፕ ቲቪው ላይ ክፈቱ።

የሚቆራረጥ ከሆነ ላፕቶፑን ወደ ቲቪው አስጠጉ፤ ከቻላችሁ 5 ጊጋኸርዝ ተጠቀሙ። የማውሱ ቀስት ትንሽ ዘግይቶ መንቀሳቀሱ ግን ብልሽት አይደለም። ምስሉ ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ እንደገና ተፈትቶ ነው የሚታየው። ጌም ለመጫወት ከሆነ የኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክታችሁ ተገላገሉ።