የምርጫን ውጤት ከቦታ ጋር አገናኝቶ ማጥናት፦ ለጀማሪ ተመራማሪ

ሕዝብ ማንን መረጠ የሚለውን ብዙዎች ያጠኑታል፤ የፖለቲካ ጂኦግራፊ ተመራማሪ ግን መራጩ የሚኖርበት ቦታ በራሱ ለውሳኔው ምን አስተዋጽኦ አደረገ ብሎ ይጠይቃል። ለመመረቂያ ጽሑፉ ይህን መስክ የመረጠ ተማሪ በቅድሚያ ጥያቄውን ማጥበብ አለበት። «የኢትዮጵያ ምርጫና ቦታ» ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ሲያሸንፍ፣ ድጋፉ ከከተማዋ ወሰን ውጭ እስከ የት ዘለቀ ብሎ መጠየቅ ግን ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

መረጃው የሚሰበሰበው ከታችኛው እርከን ነው። በአገራችን የምርጫ ሥርዓት በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ እጩ ስለሚያሸንፍ፣ በ34 ከመቶም ሆነ በ90 ከመቶ የተገኘ መቀመጫ በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ እኩል ይታያል። ስለዚህ የመቀመጫ ቁጥር ሳይሆን የድምፅ ቆጠራ፣ ከተቻለም የየምርጫ ጣቢያው ውጤት መያዝ ይኖርበታል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ሊታለፍ አይችልም፦ ወረዳዎች ይከፈላሉ፣ ስማቸውም ይለወጣል፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል እንኳ ዛሬ አራት ክልሎች ሆኗል። የድሮውንና የአሁኑን ስም ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሳያዘጋጁ ሁለት ምርጫዎችን ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። የሕዝብ ብዛትን በተመለከተም የመጨረሻው አገራዊ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. መሆኑን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ያስፈልጋል።

ካርታ ሲሣል ዓይን ይታለላል። ከ547ቱ መቀመጫዎች አዲስ አበባና የሶማሌ ክልል እያንዳንዳቸው 23 መቀመጫ አላቸው፤ በተራ ካርታ ላይ ግን ሶማሌ የአገሪቱን ምሥራቅ ሲሞላ አዲስ አበባ ነጥብ ትሆናለች። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል እኩል ካሬ ሰጥቶ፣ ካሬዎቹን በተቻለ መጠን በጉርብትናቸው ቅደም ተከተል መደርደር ነው። እኔ ሁለቱንም ካርታዎች ጎን ለጎን ማቅረብን እመርጣለሁ፤ አንባቢው ልዩነቱን ራሱ ያያልና።

ትልቁ አደጋ ያለው በትርጓሜው ላይ ነው። የአካባቢ ቁጥር ስለ ግለሰብ እንደማይናገር ዊሊያም ሮቢንሰን በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የ1930 ቆጠራ አሳይቷል፦ ውጭ አገር የተወለዱ ነዋሪዎች የበዙባቸው ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በብዛት ነበራቸው፤ በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ግን ከስደተኞቹ ይልቅ አገሬው የተሻለ ያነብ ነበር። ምክንያቱ ስደተኞቹ የሰፈሩት የተማረ ሕዝብ ባለባቸው ግዛቶች መሆኑ ነው። እንደዚሁም ወጣት የሚበዛበት ወረዳ ተቃዋሚን ቢመርጥ፣ ድምፁን የሰጡት ወጣቶቹ ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በመሆኑም በመጀመሪያ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በመተዳደሪያና በከተሜነት ሊብራራ የሚችለውን ልዩነት አስልቶ መቀነስ፣ ከዚያ የተረፈውን ካርታ ላይ ማስፈር ይገባል። የቦታ ተፅዕኖ ካለ መፈለግ ያለበት በዚህ ትርፍ ውስጥ ነው። ትርፉ በእጩው የትውልድ ቀበሌ ዙሪያ ከፍ ብሎ፣ ርቀት በጨመረ ቁጥር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ መራጩ ከፓርቲው ይልቅ የሚያውቀውን ሰው ሳይመርጥ አይቀርም።

በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 መቀመጫ ሲወስዱ፣ ከቀሩት ሁለት አንዱን ያገኘው በቦንጋ የተወዳደረ የግል እጩ ነበር። እንዲህ ያለ ነጥብ ሲገጥም ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ስፍራው መሄድ ይሻላል። እዚያም ፊት ለፊት «ማንን መረጡ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ሰው ይሸሻል። ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ ከየትኞቹ ቀበሌዎች ሰው እንደሚመጣ፣ ወሬ በማን በኩል እንደሚደርስ መጠየቅ ግን ማንንም አያስደነግጥም። የገበያተኛውን መምጫና መመለሻ መንገድ በስስ ወረቀት ሥሎ በድምፅ ካርታው ላይ ማንጠፍና መስመሮቹ የት እንደሚገጥሙ መመልከት ነው።