ከአሳማ ደም ውስጥ የበሽታ ጠቋሚ ፕሮቲን እንዴት ይፈለጋል?

ባሕር ዳር ላይ አሳማ የሚያረባ ሰው ብዙ አይገኝም። እዚህ እጅ የሚፍታታው በጥጃና በበግ ደም ነው። አካሄዱ ግን ብዙም አይለይም።

ዋናው ተፈላጊ ሀፕቶግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሰውነት በበሽታ ወይም በጉዳት ሲቆጣ ጉበት በብዛት ያመርተዋል። አሳማ ላይ ፒግ-ማፕና ሲአርፒ የሚባሉትም አብረው ይጨምራሉ፤ አልቡሚን ደግሞ ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ «አንድ ነገር አለ» ይላሉ እንጂ በሽታውን በስሙ አይጠሩም። የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የጠረጠረ ሰው በቀጥታ የቫይረስ ምርመራ ያሠራ።

ደሙን የእንስሳት ሐኪም ይቅዳ። ከአንገት የደም ሥር፣ በቀኝ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ነርቭ የመጉዳት አደጋው ያንሳል። ቱቦው ቀይ ክዳን ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል የሌለበት ይሁን። አሳማው አልያዝ ካለ ጥጥ ስጡትና ያላምጠው፤ ሀፕቶግሎቢን ምራቅ ውስጥም ይለካል።

አሁን ሥራው የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን። ሀፕቶግሎቢን በተፈጥሮው ከቀይ የደም ሴል የፈሰሰ ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም ደሙን የሚያቀላውን ፕሮቲን፣ አንቆ የሚይዝ ነው። ስለዚህ ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ከፈነዱ ልኬቱ ይዛባል፤ በተለይ በቀለም ለውጥ የሚሠሩት የመመርመሪያ ኪቶች ላይ። ሴል የሚያፈነዳው ምንድን ነው? በቀጭን መርፌ በኃይል መሳብ። ቱቦውን መነቅነቅ። ትኩስ ደም ወዲያው በረዶ ላይ መክተት። የባሕር ዳርን የቀትር ሙቀት ፈርቶ መቸኮል ያለ ነው፣ ግን አይጠቅምም። ቱቦውን ጥላ ሥር ቀጥ አድርጋችሁ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቁሙት። ሳይረጋ ባጃጅ ላይ ጭኖ ኮብልስቶን ለኮብልስቶን መንገጫገጭ ደሙን መናጥ ነው።

ከረጋ በኋላ ሴንትሪፊውጅ (ቱቦውን በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ላይ 10 ደቂቃ፣ ከ1,500 እስከ 2,000 ጂ፤ ጂ ማለት የመሬት ስበት ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። የዙር ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ኃይሉ እንደ ማሽኑ ስፋት ይለያያል። ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለው፣ ጠራ ያለ ብጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ሮዝ ካየለበት ሴሎቹ ፈንድተዋል፤ ድፉትና እንደገና አስቀዱ። «ትንሽ ናት፣ ምንም አትል» የሚል ሰው ኪቱን በራሱ ብር ይግዛ።

ሴረሙን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚቀልጥና መልሶ የሚቀዘቅዝ ናሙና አይታመንም። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘራችሁን ካልከፈታችሁት ቅዝቃዜውን ለጊዜው ይዞ ይቆያል።

ፕሮቲኑን የሚለካው ምርመራ ራሱ፣ ኤላይዛ የሚባለው፣ ቀላል ነው፤ መመሪያውን ተከተሉ፣ እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ሁለት ጊዜ አስገቡ። ለአሳማ የተሠራ ኪት ግዙ። የሰው ኪት ረክሶ ቢገኝም አሳማውን ላያነብ ይችላል።

ማነጻጸሪያው ግን የግድ ነው፦ ከዚያው በረት፣ በዕድሜ እኩያ የሆኑ ጤነኛ አሳማዎች። የታመመውንም ሕክምና ከጀመረ በኋላ ደግማችሁ ለኩት። ቁጥሩ ካልወረደ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደገና ይየው።