የኢንፍራሬድ ካሜራው ስትረሱን አላሳይ ሲል

ብረት ሲሳብ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ሲጨመቅ ይሞቃል። ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በቀመር ያስቀመጠው ነገር ነው። ካሜራው ስትረስን፣ ማለትም ጭነት በብረቱ ውስጥ የሚፈጥረውን ውጥረት፣ የሚያየው በዚህ የሙቀት ለውጥ ነው። ጣጣው ለውጡ ኢምንት መሆኑ ነው። በክፍል ሙቀት ያለ ስቲል ላይ 1 ሜጋፓስካል (የስትረስ መለኪያ ነው) ብትጨምሩ የምታገኙት የአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ ያህል ነው። አልሙኒየም ከዚህ እጥፍ በላይ ይሰጣል።

ምስሉ ጉንዳን የፈሰሰበት ከመሰለ፦ ጥሩ የሚባል ካሜራም በአንድ ፍሬም ይህን አይለይም። ጭነቱን እያመላለሳችሁ የብዙ ዙር ምስል በሎክ-ኢን (ከጭነቱ ምት ጋር አብሮ የሚለዋወጠውን ብቻ ለይቶ በሚያወጣ ዘዴ) አማካኙን ውሰዱ። ከማሽኑ የሚመጣው የጭነት ሲግናል መድረሱን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የላላ ኬብል ነው።

በስትረሱ ፈንታ የራሳችሁ ጥላ ከታየ፦ የተወለወለ ብረት ከራሱ የሚያወጣው ጨረር ጥቂት ነው፤ የአካባቢውን ግን እንደ መስታወት ይመልሳል። እጃችሁን ከፊቱ አወዛውዙ። ምስሉ አብሮ ከተወዛወዘ ነጸብራቅ ነው። የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም በስሱ ንፉበት። አደራ፣ አታወፍሩት። ወፍራም ቀለም ራሱ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሲግናሉን ያዳክማል፣ ያዘገያልም።

የምትፈትኑት ብረት ቀዳዳ ካለውና ጠርዙ ላይ ስትረሱ ከስሌቱ ካነሰ፦ ጭነቱ ዘገምተኛ ነው። ሙቀቱ ሳይለካ ወደ ጎን ይሸሻል። አልሙኒየም ላይ ይብሳል። ከ5 ሄርዝ (በሰከንድ 5 ዙር) ወደ 10 አሳድጉትና እዩ። ንባቡ ከጨመረ ገና አልደረሳችሁም፣ ቀጥሉ።

አንዱ ጠርዝ ደማቅ፣ ተቃራኒው ጨለማ መስመር ካወጣ፦ ስትረስ አይደለም። ናሙናው ሲንቀሳቀስ ካሜራው አንዴ ብረቱን አንዴ ከኋላው ያለውን ያያል። በሶፍትዌሩ እንቅስቃሴውን አካክሱ።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። አንድ ዘንግ በጥምዘዛ ስፈትን ስክሪኑ ባዶ ሆነብኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ኬብል ስነቅል ስሰካ ዋልኩ። ቀለሙን ልጬ ደግሜ ቀባሁ። ለካ ካሜራው ደህና ነበር! የሚያየው የዋና ስትረሶቹን (እርስ በርስ ቀጥ ባሉ አቅጣጫዎች ያሉትን ትልቁንና ትንሹን ስትረስ) ድምር ብቻ ነው። የሚጠመዘዝ ዘንግ ደግሞ በ45 ዲግሪ በአንዱ አቅጣጫ ይሳባል፣ በሌላው በዚያው ልክ ይጨመቃል። ድምሩ ዜሮ። ይህን ቀለምም ሆነ ድግግሞሽ አያድነውም። ስትሬን ጌጅ (የብረቱን መለጠጥ የሚለካ ተለጣፊ) ለጥፉ፣ ካሜራውን ወደ ቦርሳው መልሱት።