ከኮምቦልቻ ስትበሩ ስልካችሁንና ጆሯችሁን እንዴት ትይዛላችሁ?

ከኮምቦልቻ ወደ ቦሌ የሚያመላልሰን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 አውሮፕላን ነው። መንገዱ አጭር ነው። ድምፁ ግን ከጄት ይለያል፤ ወፍራም ነው፣ አያቋርጥም፣ ወንበሩ ድረስ ይርገበገባል።

1. ወሬውን ምድር ላይ ጨርሱ። ከደሴ የምትነሱ ከሆነ መኪናው የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መደወያ ጊዜ አላችሁ። ቦሌ የሚቀበላችሁ ሰው ካለ የምትደርሱበትን ሰዓት በሜሴጅ ላኩለት። አውሮፕላን ውስጥ “ሃሎ! አይሰማም!” ማለት ማንንም አይጠቅምም። ጫጫታ ውስጥ የሚያወራ ሰው ሳይታወቀው ይጮኻል፤ የቤት ጉዳዩንም ጎረቤት ወንበር ያለው ሁሉ ይሰማል።

2. ቼክ ኢን ላይ ኋላ ያለ ወንበር ጠይቁ። በጣም የሚጮኸው ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያለው ነው።

3. ሆስተሷ ስትናገር ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ከፍ ብሎ የሚበር ስልክ ብዙ አንቴናዎችን በአንድ ጊዜ ይነካካል፤ ከራቀ ደግሞ ኃይሉን ጨምሮ ይፈልጋል። ሲግናሉ አብራሪዎቹ ጆሮ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሊያስገባም ይችላል። እነሱ ደግሞ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን ትእዛዝ አጥርተው መስማት አለባቸው። ይህን ቀላል ነገር እባካችሁ አትናቁት።

4. ጆሯችሁን ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የአውሮፕላኑን ድምፅ ለማሸነፍ የዘፈኑን ድምፅ መጨመር ነው። ያኔ ጆሮ ሁለቱንም ይሸከማል። ጫጫታ የሚቀንስ ሄድፎን ካላችሁ እንዲህ ላለው ወፍራም ድምፅ ጥሩ ነው፤ የሕፃን ልቅሶን ግን ያን ያህል አያጠፋም። ከሌላችሁ የጆሮ ስፖንጅ በቂ ነው፤ ርካሽም ነው። በጣታችሁ አሽታችሁ አቅጥኑት፣ በሌላው እጅ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡትና እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት። ላይ ላዩን ከተወተፈ ምንም አይሠራም።

5. አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ማስቲካ አኝኩ ወይም ምራቅ ዋጡ። ሕፃን የያዘች እናት ያን ጊዜ ጡት ብትሰጥ ጆሮው ይከፈትለታል።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ስልካችሁ ወንበር ሥር ከተሰነቀረ ደግሞ ወንበሩን አታንቀሳቅሱ፤ የተጨፈለቀ ባትሪ እሳት ያስነሳል። ሆስተሷን ጥሩና እሷ ታውጣው።