የሰፈርን ጥያቄ እስከ ወረዳ በጀት ማድረስ፦ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች

በአዲስ አበባ የሰፈር ችግር ሲኖር አብዛኞቻችን የምናውቀው መንገድ የወረዳው ስብሰባ ሲጠራ እጅ አውጥቶ መናገር ነው። የተናገርነው በቃለ ጉባኤ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይም እንደተደፈነ ክረምቱ ይገባል። ለዚህ ምክንያቱ የኃላፊዎች ቸልተኝነት ብቻ አይመስለኝም፤ በቃል የቀረበ፣ ልኩ ያልታወቀና ወቅቱ ያለፈበት ጥያቄ ወረዳው ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ በዕቅዱ ውስጥ ሊያስገባው ይቸገራል።

ስለዚህ በቅድሚያ ሰፈሩ በአንድ ጥያቄ ላይ ይስማማ። ለዚህ ከዕድር የተሻለ መሰብሰቢያ የለንም፤ አባላቱን ስም በስም ያውቃል፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ አለው፣ የመሰብሰቢያ ቀኑም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ተከራዮችና ወጣቶች ብዙ ጊዜ የዕድር አባል ስላልሆኑ ለይቶ መጥራት ያስፈልጋል፤ ጎርፉ ቀድሞ የሚገባው እነርሱ ቤት ሊሆን ይችላልና። መንገድን፣ መብራትንና ውኃን በአንድ ደብዳቤ መጠየቅ አይበጅም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ የፌዴራል ተቋም፣ የቧንቧ ውኃው ደግሞ የከተማው ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጉዳይ በመሆኑ ደብዳቤው ባለቤት አጥቶ ይንከራተታል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ቦይ ከየት እስከ የት እንደተደፈነ፣ ርዝመቱ በሜትር ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቤት ውኃ እንደሚገባበትና ነዋሪው በጉልበትም ሆነ በገንዘብ ምን ለማዋጣት እንደተዘጋጀ ይገለጽበት፤ ቀን ያለው ፎቶግራፍና የነዋሪዎች ፊርማም ይያያዝ። ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተጽፎ ለወረዳው ምክር ቤትና ለክፍለ ከተማው ግልባጭ ይደረግ። በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ በሁለት ቅጂ ወደ መዝገብ ቤት ይዛችሁ ሂዱና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉበት። ኃላፊው ቢቀየር ተተኪው ጉዳዩን የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምርና ዝግጅቱ ከዚያ ወራት ቀድሞ ስለሚካሄድ፣ ደብዳቤው በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ቢገባ ይመረጣል። በሰኔ ለቀረበ ጥያቄ የሚሰጠው «በጀት የለም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

ለሥራው ስንት ብር እንደተመደበና ስንቱ እንደወጣ መጠየቅ ልመና አይደለም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጡ፣ ቢከለክሉም ምክንያቱን እንዲገልጹ ያስገድዳል። መልስ ከጠፋ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ የጤና ጣቢያ ወይም የትምህርት ቤት አገልግሎት ከሆነ ከደብዳቤ ይልቅ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራሞች የተለመደው የውጤት ካርድ ይሻላል። ተገልጋዮችና ሠራተኞች ያንኑ አገልግሎት ለየብቻ ነጥብ ይሰጡታል፤ ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ይጽፋሉ። ሠራተኞቹ የሚያነሡት የመድኃኒት ወይም የመጻሕፍት እጥረት ነዋሪው ቅሬታውን ወደ ትክክለኛው በር እንዲወስድ ያግዘዋል።

ሥራው ከተፈቀደ በኋላ ሦስት ሰዎች በተራ በየወሩ ይከታተሉ። ቁፋሮው ሲጀመር በውሉ የተጻፈውን የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ጠይቀው በሜትር ይለኩ፤ ልኬቱም ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት መሆን አለበት።