ሳዑዲ ሠርተው ወሎ ላይ ቤት ለሚያስገነቡ

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሕገወጥ ያለቻቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። ኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) ከአሠሪ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚሠራ ቤት ገንዘቡ ነገ ቢቋረጥም ለአገልግሎት እንዲበቃ ተደርጎ ይታቀድ።

መጀመሪያ ቦታው። ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 40) መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል፣ ከገበሬ በሽማግሌ ፊት የተገዛ ቦታ ካርታ የለውም፤ «ጨረቃ ቤት» (ያለ ፈቃድ የተሠራ) ተብሎ ሲፈርስ አቤት የሚሉበት ወረቀት አይኖርም። ካርታ ያለው ቤት ሲገዛም ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ከማዘጋጃ ቤት ይጣራ። ዋጋውን አገር ቤት ያለ ሰው ይነጋገር፤ ደላላ «ገዢዋ ሳዑዲ ነው ያለችው» ሲባል ከሰማ ዋጋ ይጨምራል።

ውክልናው ኢቃማ ሳይቃጠል (ጊዜው ሳያልፍ) ሪያድ ካለው ኤምባሲ ወይም ከጅዳ ቆንስላ ይወጣል። ለወንድም ቢሆንም «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለው አይግባ። ለማስገንባትና ለማስፈቀድ የሚለው ይበቃል።

ግንባታው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት መሠረቱንና ኮለኑን (ምሰሶውን) ለአራት ክፍል አውጥተው ገንዘብ ሲያልቅ ነው። ጫፉ ተጋልጦ የቀረ ፌሮ ክረምት ሲመታው ይዝጋል። ሁለት ክፍል ጣሪያና በር ድረስ ጨርሱ፤ ቢያንስ ይከራያል። ሲሚንቶም ለወር ከሚበቃ በላይ አይገዛ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ካልተደረደረ ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ለግንበኛው የሚከፈለው ሥራው ተለክቶ ነው፣ ቀድሞ አይደለም።